አሻንጉሊቷ መጋዘን ተቆልፎባት ነበር

በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ አዋላጆችን፣ ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን እንዴት እንደሚያስተነፍሱ ማሠልጠን ስንጀምር ሥራው አዳራሽ ውስጥ የሚያልቅ መስሎን ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ቀን፣ 24 ሠልጣኝ፣ ለመለማመጃ የሚሆኑ 4 የሕፃን አሻንጉሊቶች። ቅድመ ፈተና፣ ድኅረ ፈተና፣ የምስክር ወረቀት፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ከ90 በላይ አመጡ፤ እኛም ደስ ብሎን ተለያየን።

ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል መንዝ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። የሰጠናቸው አሻንጉሊት የት እንዳለች ስንጠይቅ መጋዘን ናት ተባለ፤ ቁልፍ ያዡ ደግሞ ወረዳ ስብሰባ ሄዷል። አምቡ ባጉ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር ወደ ሕፃኑ ሳንባ የሚያስገባው ከረጢት፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ታጥቦ ሲገጣጠም ስሷ የላስቲክ ቫልቭ የት እንደወደቀች ስላልታወቀ፣ ቢጨመቅም አየሩ ወደ ማስኩ አይሄድም። ከሥልጠናው ወዲህ የነካው ስለሌለ ይህን ያወቀም አልነበረም። አዳራሽ ውስጥ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት አንዷ ማስኩን እንድትይዝልን ብንጠይቃት እጇ ተንቀጠቀጠ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ዕውቀት ሰጥተን የእጅ ልምድ ሳንሰጥ የሄድነው እኛ ነን።

በእኛ የደረሰ ስህተት በሌላ አሠልጣኝ፣ በሌላ ጤና ጣቢያ ኃላፊ እንዳይደገም ነው ይህን መጻፌ። ነገሩ ለካ ሌሎችንም ገጥሟቸዋል። «ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት» የሚባለውን ሥልጠና የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ታንዛኒያ ውስጥ በ8 ሆስፒታሎች ሲሞከር በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በ47 በመቶ ቀንሰው ነበር። በዚያው አገር ሃይዶም በሚባል የገጠር ሆስፒታል ግን የአንድ ቀን ሥልጠና የወሰዱ ሠራተኞች አሻንጉሊት ላይ ጎበዝ ሆኑ እንጂ ማዋለጃ አልጋው ላይ አሠራራቸው አልተለወጠም። ለውጡ የመጣው አጭርና ተደጋጋሚ ልምምድ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሲጀመር ነው። ይህን ቀድመን ልብ ብንለው ኖሮ የአዳራሹን ኪራይ ለአምቡ ባግ መግዣ እናውለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥልጠናውን አንድ ቀን አድርገን የቀረውን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ወሰድነው። ማስተማር የጀመርነውም ከአሻንጉሊቷ ሳይሆን ከክፍሉ ነው። የማዋለጃ አልጋው አጠገብ ቆመን ሕፃን የሚረዳበት ጠረጴዛ እስካለበት ድረስ እርምጃ ቆጠርን። አንዱ ጋ 19 እርምጃ ሆነ፤ በመሃልም በር አለ። ሕፃኑ እንዲተነፍስ ያለን ጊዜ «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምንላት 60 ሰከንድ ናት፤ እሷን በመመላለስ ልንጨርሳት ነው ማለት ነው። ጠረጴዛው ከአልጋው ሁለት እርምጃ ቢርቅ ይበቃል። ቦታ ከሌለ የመድኃኒት ጋሪ ላይ ፍራሽ ቢጤ አንጥፎ ማስጠጋት ይቻላል። ክፍሉ ጠባብ በሆነበት አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጆቹ ራሳቸው ከግድግዳው ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ጣውላ አሠሩ። ከኛ ሐሳብ ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

የእኛን አገር ብርድ ለማያውቅ ቀጣዩ ነገር ተራ ይመስለዋል። ማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን ይላል መመሪያው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ውርጭ ሲጥል፣ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ላይ መብራት ጠፍቶ 25 ዲግሪን ማሰብ ዘበት ነው። ቢሆንም የሚሠራ ነገር አለ። መስኮትና በር ይዘጋ፤ የተሰበረው መስታወት በካርቶን ይደፈን። ለአንድ ወሊድ ቢያንስ ሁለት ደረቅ ጨርቅና አንድ ቆብ ይዘጋጅ፤ ጨርቆቹን እናትየው ከብርድ ልብሷ ሥር አድርጋ በገላዋ ታሙቃቸው። በመጀመሪያው ጨርቅ ሕፃኑን ጥርግ አድርጎ ማድረቅና ያንን እርጥብ ጨርቅ መጣል፤ በሁለተኛው መሸፈን። ደጋግመን ያየነው ስህተት በደንብ አድርቆ ሲያበቃ ያንኑ እርጥብ ጨርቅ መልሶ ሕፃኑ ላይ መጠቅለል ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ዝግ ክፍል ማስገባት ግን አይሞከርም፤ ጭስ ባይኖረውም መርዙ አለ፤ ኦክስጅን ባለበት ክፍል ደግሞ እሳት ነው። ቆላ ያላችሁ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ የእናንተ ችግር ሌላ ነው፦ ሕፃኑ ሊወጣ ሲል ቬንትሌተሩን (የአየር ማራገቢያውን) አጥፉት። እርጥብ ሕፃን ላይ የሚነፍስ ነፋስ በሙቀትም አገር ያበርዳል።

አሁን ወደ ደቂቃዋ እንምጣ። ሕፃኑ ወጣ። እዚህ አገር ከአስታማሚው የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» ነው፤ አዋላጇም ሳታስበው ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ሕፃኑ አለቀሰ ወይስ አላለቀሰም የሚለው ሳይመለስ ጾታ አይነገርም ብለን ደንብ አደረግነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰከንድ ያተርፋል። ካለቀሰ ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ አድርጎ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቆ እትብቱን ማሰርና መቁረጥ ነው። ካላለቀሰ ማድረቁ ራሱ መቀስቀሻ ነው፤ ጀርባውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ማሸት ይጨመርበታል። አፉ ውስጥ የሚዘጋ ነገር ከታየ አፍ ቀድሞ አፍንጫ ተከትሎ ይጸዳል። አሁንም ካልተነፈሰ እትብቱ ተቆርጦ አምቡ ባግ ይጀመራል። ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ልጆች የምናጣው በማጣጣር ምክንያት ነው። አልፎ አልፎ አፉን እየከፈተ የሚያጣጥር ሕፃን «እየተነፈሰ ነው» ተብሎ ይተዋል። ማጣጣር መተንፈስ አይደለም፤ እንደማይተነፍስ ቆጥራችሁ ወዲያው ጀምሩ። ሌላው፣ በድሮ ልማድ የሚባክነው ጊዜ ነው። በእግሩ ዘቅዝቆ መያዝ፣ መቀመጫውን መምታት፣ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት፣ ደረቱን መጭመቅ፤ እነዚህ ሁሉ ሕፃኑን ይጎዳሉ፣ ወይም ያቀዘቅዛሉ፣ ካልሆነም ደቂቃውን ይበላሉ። ሁሉንም ሕፃን በሰክሽን መምጠጥም እንዲሁ ነው። የመምጠጫው ቀጭን ቱቦ (ካቴተሩ) ጉሮሮ ድረስ ሲገባ የልብ ምቱን ያወርደዋል፤ ሊረዱት ብለው ያባብሱበታል። የማይተነፍስ ሕፃን አፍንጫ ላይ የኦክስጅን ቱቦ መደገንም ሳንባ አይነፋም። አብዛኞቹ ሕፃናት የሚያስፈልጋቸው እዚያው ክፍል ያለው ተራ አየር ነው፤ ኦክስጅን የለንም ብሎ እጅ ማጣጠፍ አያስፈልግም።

አምቡ ባጉ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የሥልጠናው ልብ እሱ ነውና።

ማስኩ አገጭን፣ አፍንና አፍንጫን ይሸፍናል፤ ዓይን ላይ አይወጣም። ጊዜው ደርሶ ለተወለደ ቁጥር 1፣ ለትንሽዬው ቁጥር 0 ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ ያገኘነው ቁጥር 1 ብቻ ነበር፤ ትልቅ ማስክ በትንሽ ፊት ላይ አየር ያፈሳል፤ ስለዚህ ዕቃ ሲጠየቅ ሁለቱም ይጠየቅ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እጅግ ከተለጠጠም፣ አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋም የአየር መንገዱ ይዘጋል። አበባ ሊያሸት ፊቱን ትንሽ ቀና ያደረገ ሰው አስቡ፤ አቀማመጡ ያ ነው። ማስኩን የምትይዘው አውራ ጣትና አመልካች ጣት ናት፤ መካከለኛው ጣት አገጩን ወደ ማስኩ ያነሳል። ስህተቱ ጣቶቹ ከአገጭ ሥር ባለው ልስልስ ሥጋ ላይ ሲያርፉ ነው፤ ምላሱን ወደ ላይ ገፍተው ጉሮሮውን ይዘጋሉ። መንጋጋ አጥንቱ ላይ ይሁኑ።

ፍጥነቱ በደቂቃ 40 ነው። «ጭመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ይረዳል፤ «ጭመቅ» ሲባል መጭመቅ፣ «ሁለት፣ ሦስት» ሲባል መልቀቅ። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው 80 እንደሚያደርስ በሰዓት ለክተን አይተናል፤ ያኔ የገባው አየር ከሳንባው ሳይወጣ ሌላ ይገባበታል። በልምምድ ጊዜ የስልክ ሰዓት ከፍታችሁ በ30 ሰከንድ 20 ጊዜ መሆኑን ቁጠሩ።

ዋናው ነገር ግን ደረቱ መነሳቱ ነው። በልምምድ ጊዜ ደጋግመን የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ደረቱን አየሽው?» ዓይን ማስኩ ላይ ይተከላል፤ መታየት ያለበት ደረት ነው። ካልተነሳ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚታረመው፦ ማስኩን አንስቶ እንደገና መግጠም፤ ጭንቅላቱን ማስተካከል፤ አፉንና አፍንጫውን አይቶ ፈሳሽ ካለ ማጽዳት፤ አፉን ትንሽ ከፈት ማድረግ፤ በመጨረሻም ጠንከር አድርጎ መጭመቅ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ይገኛል። ሠልጣኞች ግን ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት፤ ጉልበት መጨመር ይቀላቸዋል። ደረቱ እየተነሳ አንድ ደቂቃ ከተሠራ በኋላ የእትብቱን ሥር ይዞ ወይም በማዳመጫ የልብ ምት መቁጠር ነው፤ በ6 ሰከንድ የተቆጠረውን በ10 ማባዛት። ከ100 በላይ ከሆነ ደኅና እየሄደ ነው፤ ሕፃኑ ራሱ እስኪተነፍስ መቀጠል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በአግባቡ 10 ደቂቃ ተነፍሶለት የልብ ምት ጨርሶ ካልተሰማ ይቆማል። ይህን ለቤተሰቡ የሚነግር ሰው ማን እንደሆነ ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ እኛ ይህን ሳናስተምር ነበር ዓመት ያለፈን።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማይወደው ነገር አለ። መዝገብ ላይ «ሞቶ የተወለደ» ተብለው ከተጻፉት መካከል ልባቸው እየመታ ሳይተነፍሱ የተወለዱ አሉ። ታንዛኒያ ላይ ሊወለዱ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተው ነው የተወለዱት የተባሉት በ24 በመቶ የቀነሱት አዋላጆች ማስክ መያዝ ሲችሉ ነው። ዝልፍልፍ ብሎ የገረጣ ሕፃን የልብ ምቱ ሳይታይ አይፈረድበትም።

ልምምዱን በዚህ መንገድ አደረግነው። አሻንጉሊቷ ከመጋዘን ወጥታ ማዋለጃ ክፍል ተቀመጠች፤ መጥፋቷን የፈራ የንብረት ክፍል ኃላፊ ካለ ለተረኛ በርክክብ ትፈረም፤ ተረኛ ለተረኛ ያስረክባት። 2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሲሞላባት ክብደቷ የእውነት ሕፃን ይሆናል፤ ባዶዋን ከተለማመዳችሁ እጃችሁ የሚለምደው ላስቲክ ነው። ከልምምድ በኋላ ውሃው ይደፋ፣ ትድረቅ፤ ያለዚያ ትሻግታለች። በየተረኛው መቀበያ ሰዓት 5 ደቂቃ፣ ሁለት ሆነው፤ አንዷ ትሠራለች፣ ሌላዋ ቅደም ተከተሉን ይዛ ታያለች። አሻንጉሊቷ መቼ እንደምታለቅስ የሚወስነው የሚያየው ሰው ነው፤ አንዳንዴ ጨርሳ እንዳታለቅስ አድርጉ። ሁልጊዜ የምትተርፍ አሻንጉሊት መጥፎ አስተማሪ ናት።

ብዙ ዓመት የሠሩ ሲስተሮችን ማሠልጠን ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል። ሃያ ዓመት ያዋለዱ ሰው ትናንት በተመረቀ ልጅ ፊት ማስክ ሲያፈሱ መታየት አይፈልጉም፤ ስለዚህ ሥራ በዝቶብኛል ብለው ይቀራሉ። እኛም መጀመሪያ እንደ ቸልተኝነት ቆጥረነው አጥፍተናል። በኋላ ለብቻቸው፣ ከቀኑ ቀደም ብለን፣ «ሲስተር፣ ለልጆቹ እርስዎ እንዲያሳዩልን ነው» ብለን ስንጠይቃቸው መጡ፤ ተለማመዱ፤ አሠልጣኝ ሆኑ። እኛ ከሄድን በኋላ ልምምዱ ያልቆመው እነሱ በያዙባቸው ቦታዎች ነው።

ሌሊት ብቻዋን የምታድር አዋላጅ ጉዳይ በየትኛውም ፖስተር ላይ የለም። ሕፃኑ አይተነፍስም፤ እናትየው ደግሞ ደም እንዳይበዛባት የሚሰጣትን መርፌ፣ ኦክሲቶሲኗን፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መውሰድ አለባት። ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ምጡ ሲገፋ፣ ሕፃኑ ሳይመጣ፣ 10 ዩኒቱ በሲሪንጅ ተስቦ ይቀመጥ፤ ማሰሪያና መቁረጫው ተከፍቶ ይጠብቅ። የጽዳት ሠራተኛዋም ትሠልጥን። አምቡ ባግ አትይዝም፤ ጨርቅ ማቀበል፣ ሰዓት መጥራት፣ ደም ከበዛ መጮህ፣ አምቡላንስ መደወል ግን ትችላለች። አንድ ቦታ እትዬ ብለው የሚጠሯቸው የጽዳት ሠራተኛ ከሁሉም ቀድመው ሰዓት መቁጠር የለመዱት እሳቸው ሆኑ።

ዕቃው። ከእያንዳንዱ ወሊድ በፊት ማስኩን መዳፍ ላይ ጥብቅ አድርጎ ባጉን መጭመቅ፤ ግፊት ከተሰማና ከዚያ አየሩ በላይኛው ቫልቭ ካመለጠ ይሠራል። ግፊት ከሌለ ፈሶ ነው፤ አየሩ ምንም ካላመለጠ ቫልቩ ተጣብቋል። ከተጠቀሙበት በኋላ ፈታትቶ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ መቀቀል። በደጋው ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ 20 ደቂቃ ይቀቀል እንላለን። የማይቀቀለውን በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ለ20 ደቂቃ መዘፍዘፍና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ ነው። ክፍሎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ አንጥፋችሁ አድርቁ፤ ቫልቩ ቢወድቅ ይታያል። ቁርጥራጮቹ ስንት እንደሆኑ ግድግዳ ላይ ጻፉ።

ሕፃኑ ከተነፈሰ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀለል ይላል፤ ግን አንድ አደጋ አለው። እትብት ላይ የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን ጄልና የዓይን ቅባቱ ቴትራሳይክሊን ቱቦአቸው ይመሳሰላል። ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ዓይን እስከማጥፋትም ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ስለዚህ አስጠንቅቋል። የዓይኑን እዚያው ቀብታችሁ ቱቦውን አታስይዙ፤ ለቤት የሚሰጠው የእትብቱ ብቻ ነው፤ በቀን አንዴ ለ7 ቀን። ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም ጭኑ ላይ ይወጋል። ገላውን 24 ሰዓት ሳይሞላው አለማጠብ። ቅቤ ማላስና እንገር አልቦ መድፋት ነገር ከእናትየው ጋር ብቻ አያልቅም፤ አማት ወይም እናቷ እዚያው ባሉበት፣ በአክብሮት፣ «እናታችን፣ የመጀመሪያ ክትባቱ እንገሩ ነው» ብሎ ማስረዳት ይሻላል። አማት ከተቀበሉት ቤት ውስጥ ተፈጻሚ ነው።

ከ2 ኪሎ በታች የሆነውንና ሪፈር የሚጻፍለትን ሕፃን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን በጉም በብርድ የሚጓዝ አምቡላንስ ውስጥ፣ በዝተት (በወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) ተጠቅልሎ አልጋ ላይ የተቀመጠ ሕፃን በረዶ ሆኖ ይደርሳል፤ ጨርቅ የራሱን ሙቀት ያቆያል እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ ትንሽዬው ሕፃን ደግሞ የራሱ ሙቀት የለውም። ራቁቱን፣ ቆብና ዳይፐር ብቻ አድርጎ፣ በእናቱ ጡቶች መሃል ቀጥ ብሎ፣ በነጠላ ታስሮ፣ ዝተቱ ከላይ ይደረብ። እናትየው ካልቻለች አባት ወይም አክስት ደረታቸውን ይስጡ። አምቡ ባጉ ከነማስኩ ከአዋላጇ ጋር አምቡላንስ ውስጥ ይግባ፤ ሲመለስም ቁርጥራጮቹ ተቆጥረው ቦታው ላይ ይቀመጡ።